ጋሽ ቱግ የጠረዘው መጽሐፍ

ትክክለኛ ስሙን ከሚስቱና ከመታወቂያው በቀር የሚያውቀው የለም። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ቱግ» ይለዋል። ለምን እንዲህ እንደተባለ ለማወቅ ምርምር አያሻም፤ መጽሐፍ የሚጠርዝበት ክፍል በር ላይ አምስት ደቂቃ መቆም ይበቃል። ኮላው ቀጠነ፣ ቱግ! ክሩ ተበጠሰ፣ ቱግ! ደንበኛ «መቼ ይደርስልኛል?» ብሎ ደግሞ ጠየቀ፣ ቱግ! አንድ ቀን ዝንብ ላይ ሲጮህ ጎረቤቱ ሰው የተጣላ መስሎት ሊገላግል ሮጦ ገባ። ገላጋዩም «አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?» ተብሎ ተባረረ። እያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ፤ የተባረረው ሰውዬ እስካሁን እየሳቀ ያወራዋል።

እየሳቀ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጋሽ ቱግን መጥላት አይቻልም፤ ብዙ ሰው ሞክሮት አልሆነለትም። ቁጣው የገለባ እሳት ነው። ቦግ ብሎ ይነድና ወዲያው ይጠፋል፤ የሚቀረው ጸጸቱ ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያባረረውን ሰው ፍለጋ ይወጣል። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ አርፋጅ ተማሪ በር ላይ ይቆምና «በቃ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» ይላል። ውሸቱን አይደለም፤ ዐይኑ እንባ ያቀርራል። እስከሚቀጥለው ቱግ ድረስ ከልቡ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ይኼንኑ የሰማችው ሚስቱ ሳህን እያጠበች «ይኼ ሁለተኛ የምትለው አሁን ስንተኛው ነው?» ትለዋለች። እሱም ይስቃል፤ ምን ያድርግ።

ሥራውን ግን ይችልበታል። ክፍሉ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ ነው። በአንዱ በኩል ጠመዝማዛ እጀታ ያለው የእንጨት መጭመቂያ፣ በሌላው በኩል ወስፌ፣ መርፌ፣ በሰም የታሸ ክርና ጫፉ የተበላ የኮላ ብሩሽ። ጀርባው የተገነጠለ መዝገበ ቃላት፣ ቅጠሉ የረገፈ የጸሎት መጽሐፍ፣ የተማሪ ደብተር ሳይቀር እሱ ዘንድ ይመጣል። ቅጠሎቹን በትንሽ በትንሹ አጣጥፎ ይከፍላቸዋል፤ እያንዳንዱን እጥፍ «ጥራዝ» ይለዋል። ጥራዞቹን በተራ ደርድሮ አንዱን ከአንዱ ይሰፋና ጀርባውን በኮላ ይለብጣል። ታዲያ ሲሰፋ ያነባል። መርፌው በገባ ቁጥር ዐይኑ አንድ መስመር ይሰርቃል። በዚህ የተነሳ የማያውቀው ነገር የለም፤ ችግሩ ከሁሉም ግማሽ ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለ ንብ ርባታ የሚያወራ መጽሐፍ የመጀመሪያው እኩሌታ ብቻ መጥቶለት ሰፍቶ ነበር፤ ንቦቹ በመጨረሻ ምን እንደሆኑ እስከዛሬ ያሳስበዋል።

ከዳር እስከ ዳር የሚያውቀው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ብሉይ ኪዳንን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጡረታ በወጡ አንዲት አዋላጅ ሳሎን ስድስት ሽማግሌና አሮጊት ይሰበሰባሉ። አዋላጇን ሁሉም «እማማ» ይላቸዋል። የሰፈሩ ግማሽ በእጃቸው ስለተወለደ ማንም አይከራከራቸውም። ፊደሉ ጎላ ጎላ ካለ አንድ ትልቅ መጽሐፍ በየተራ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ሲያልቅ እንደገና ከፍጥረት ይጀምራሉ። አሁን ሦስተኛ ዙራቸው ነው።

ጋሽ ቱግ እዚያ ቤት አንባቢም ተቺም ነው። የእስራኤልን ልጆች ጨርሶ አይችላቸውም። «ኧረ እነዚህ ሰዎች ጤነኞች ናቸው?» ብሎ ጠረጴዛውን ይመታል። «ባሕር ተከፍሎላቸው ተሻገሩ፣ አቧራው እግራቸውን ሳይነካው ማጉረምረም! መና ዘነበላቸው፣ ሥጋ አማረን! ታደጋቸው፣ ረሱት፤ ጠላት መጣባቸው፣ ጮኹ፤ ደግሞ ታደጋቸው፣ ደግሞ ረሱት። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ! እኔ ብሆን ገና በመጀመሪያው ጥያቸው እሄድ ነበር!»

እማማ መነጽራቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ «አንተ ያልሆንከውማ ለዚሁ ነው ልጄ» ይሉታል። «አንተ ብትሆን ማናችን እንተርፍ ነበር?»

እንዲህ ተባለና ተሳቀ፤ በቃ፣ ኩርፊያ ነው። ማኅበሩን እስካሁን አራት ጊዜ ጥሎ ወጥቷል። ወንበሩ ላይ ግን ማንም አይቀመጥም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ ወንበሩ እንዳለ ነው፤ ሻዩም ተቀድቶ ይጠብቀዋል።

ከስድስቱ አንዱ ልብስ ሰፊው ነው። ሱቁ ከጋሽ ቱግ ሦስት በር ዝቅ ብሎ ይገኛል። አርባ ዓመት ጓደኛሞች ናቸው፤ ሁለቱም በመርፌ ያደሩ፣ አንዱ ወረቀት አንዱ ጨርቅ። ልብስ ሰፊው ዝምተኛ ሰው ነው። ለጋሽ ቱግ ቁጣ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ጎንበስ ብሎ መስፋቱን ይቀጥላል፤ ጩኸቱ በረድ ሲል «ጨረስክ?» ይለዋል። «ጨረስኩ» ይላል ጋሽ ቱግ። ከዚያ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየትም አይገኝም፤ ጋሽ ቱግም ይኼን ያውቃል።

ከሁለት ወር በፊት ልብስ ሰፊው ምሳ ሰዓት ላይ መጣና የጠባቧን ክፍል በር ከውስጥ ዘጋ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

«ዐይኔ እየከዳኝ ነው» አለ። «ሐኪሙ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም ብሎኛል። ፊደል ጭራሽ አይታየኝም። የምሰፋው በጣቴ እየዳሰስኩ ነው። ሰው ከሰማ ጨርቁን የሚያመጣልኝ የለም፤ እኔ ደግሞ ያለዚህ ሥራ ማን ነኝ? ከሚስቴ ሌላ የነገርኩት አንተን ብቻ ነው።»

ጋሽ ቱግ እጁን ጥብቅ አድርጎ ያዘው። «ሆዴ ውስጥ ተቀብሯል» አለ። «ይኼ ቃል ከአፌ ቢወጣ ምላሴን ይቁረጠው!»

ሰው እንዲህ ብሎ መማል አልነበረበትም፤ በተለይ እንዲህ ዓይነት ምላስ ያለው ሰው።

እንግዲህ በዚህ መካከል የማኅበሩ መጽሐፍ ጀርባ ተገነጠለና ለጋሽ ቱግ ተሰጠ። ፈታው፣ አጸዳው፣ አዲስ ሽፋን ቆረጠለት። ጥራዞቹን በሚሰፋበት ቀን ግን ከቆዳ ነጋዴው ጋር ተጣልቶ ነበር፤ ቡኒ ቆዳ ቢለው ጥቁር ልኮበት። ቀኑን ሙሉ እዚያ ከሌለው ነጋዴ ጋር እየተጨቃጨቀ ሰፋ። «ቡኒና ጥቁር የማይለይ ሰው ምን ሊሆን ቆዳ ይነግዳል? ድንጋይ አይሸጥም?» እያለ። ወትሮ ኮላውን ከመቀባቱ በፊት የገጾቹን ቁጥር አንድ በአንድ ያያል። የዚያን ቀን ሲያይ የዋለው የነጋዴውን ፊት ብቻ ነበር።

ቅዳሜ መጽሐፉ እማማ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም እየነካካ አደነቀ፤ ጋሽ ቱግም «ኧረ ምንም አይደል» እያለ በደስታ አበጠ። ተራው የልብስ ሰፊው ነበር፤ ሕዝቡ የወርቅ ጥጃ የሠራበት ቦታ። ማንበብ ስለማይችል ሳምንቱን ሙሉ ሚስቱ እያነበበችለት በቃሉ አጥንቶታል። መጽሐፉን ምልክቱ ካለበት ገለጠ፣ ጣቱን መስመር ላይ አደረገ፣ በለስላሳ ድምፁ ጀመረ። ሙሴ ተራራው ላይ ቆየ። ሕዝቡ መጠበቅ ታከተው። የታዘዝነውን ሁሉ እናደርጋለን ካሉ ወር ከጥቂት ቀን እንኳ በቅጡ ሳይሆናቸው ጉትቻቸውን አወለቁ፤ ጥጃው ወጣ፤ ዘፈኑም ቀለጠ። ልብስ ሰፊው እንደዚያን ቀን አሳምሮ አንብቦ አያውቅም።

ከጎኑ የተቀመጠችው ዳቦ ጋጋሪ አንገቷን አስግጋ ገጹን ታይ ነበር። «ቆይ ቆይ» አለች። «እኔ እዚህ የማየው የድንኳን መጋረጃና ካስማ ነው። ጥጃው የት አለ?» ገጹን ገለጠች፤ አሁንም መጋረጃ። ደግሞ ገለጠች፤ አሁንም ካስማ። «ወይ ጉድ! ጋሽ ቱግ፣ እንደ ካርታ በውዘህ ነው እንዴ የጠረዝከው?»

ሳሎኑ በሳቅ ሞላ። ሴትዮዋ ክፉ አላሰበችም፤ ቀልደኛ ናት። ጋሽ ቱግ ግን ደሙ ፈላ። በሥራው ላይ! በስፌቱ ላይ!

«የኔ ጥራዝ ልክ ነው!» ብሎ ብድግ አለ። «ማን አነበበና ነው! ይኼ ሰውዬ ዐይኑ አያይም! በቃሉ ሸምድዶ እየመጣ ነው የሚወጣልን! ፊደል ካየ ስንት ጊዜው!»

ሳቁ ቀጥ አለ። የሻይ ብርጭቆ ያነሳ እንዳነሳ ቀረ። ጋሽ ቱግ የተናገረውን የሰማው ከተናገረው በኋላ ነው፤ ግን ትዕቢቱ ገና አልበረደም ነበር፤ እንደቆመ ቀረ።

ልብስ ሰፊው መጽሐፉን ቀስ ብሎ ዘጋና ተነሳ። ከዚያ ማንም እንዳያይበት ስንት ጊዜ የተጠነቀቀውን ነገር አደረገ፤ እጁን ግድግዳው ላይ አኖረ፣ እየዳሰሰ ሄዶ በሩን አገኘና ወጣ።

ጋሽ ቱግ መጽሐፉን ብብቱ ሥር ወሽቆ «አሳያችኋለሁ!» እያለ ወደ ክፍሉ ነጎደ። መስኮቱ ሥር አስቀምጦ ቁጥሮቹን መቁጠር ጀመረ። ብዙም አልሄደም። ጥጃው ያለበት ጥራዝና መጋረጃው ያለበት ጥራዝ ቦታ ተለዋውጠዋል። ደግሞ ቢያይ ያው ነው። ስፌቱ የእሱ፣ ቋጠሮው የእሱ፣ ስሕተቱም የእሱ።

«ወየው ጉዴ» አለ ለብቻው።

ሚስቱ ስትገባ ሁሉንም ነገራት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። አጠገቡ ቆማ መጽሐፉን ስታይ ቆየችና «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለች። «ቢሆንም ሂድ። ሄደህ ንገረው።»

«ሁለተኛ አይለምደኝም» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። ሊለው አልቻለም። ቃሉን እሱ ራሱ አላመነውም።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ቤት ሄዶ አንኳኳ። የልብስ ሰፊው ሚስት በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች። በለቅሶ ዐይኗ አብጧል። «ጋሼ፣ የለም በይው ብሎኛል» አለችው። ከውስጥ «የለሁም!» የሚል የልብስ ሰፊው ድምፅ መጣ። ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም በሳቅ ይሞቱ ነበር። ጋሽ ቱግ ተመለሰ።

ሰኞ ሱቁ ተዘግቶ ዋለ። ማክሰኞም ተዘጋ። አርባ ዓመት በሥራ ቀን ተቆልፎ የማያውቅ በር! አንዲት ሴት ጨርቅ በፌስታል ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ አገኛት። «ልብስ ሰፊው ወዴት ሄዶ ነው?» አለችው። «አሞት ነው» አላት ጋሽ ቱግ። «ማን አሳመመው?» ብላ ብትጠይቀው ምን እንደሚላት እያሰበ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ያን ቀን ወደ ሰው ቀና ብሎ አላየም።

ጥራዞቹን ለማስተካከል የሰፋውን መፍታት ነበረበት። ክሩን በምላጭ ቆረጠ፣ ኮላውን በእርጥብ ጨርቅ አላላ፣ ጥጃውን ወደ ቦታው መልሶ መስፋት ጀመረ። እንደ ልማዱ ዐይኑ መስመር ይሰርቃል። ስንት ዓመት ያነበበው ነው፤ ግን እስከዚያን ቀን ያነበበው እንደ ዳኛ ሆኖ ነበር። አሁን ጥጃውን እየዞሩ ከሚዘፍኑት መካከል ራሱን አየው። እነሱም እኮ እናደርጋለን ሲሉ ውሸታቸውን አልነበረም፤ ከልባቸው ነበር። ሲሰድባቸው የኖረ ሰው አሁን አዘነላቸው።

ከዚያ ሌላ ነገር አየና መርፌውን አቆመ። እዚያ ውስጥ እግዜር ራሱ ተቆጥቷል። ቀላል ቁጣም አይደለም፤ ላጥፋቸው እስከ ማለት። ጋሽ ቱግ ቁጣን ያውቃል፤ ሙያው ነው ማለት ይቻላል። ግን እሱ ሲቆጣ በር ወርውሮ ይሄዳል፤ እግዜር ተቆጥቶ አልሄደም። ትእዛዙ የተጻፈበት ጽላት ተሰባብሮ እያለ ሙሴን እንደ ፊተኞቹ ያሉ ሌሎች ድንጋዮች ጥረብ ብሎታል፤ እንደገና ሊጽፍ። ቃሉንም አላቀለለላቸው፤ ለእናንተ ዓይነቱ ይኼ ይበቃል አላለም። ያንኑ ቃል፣ ለእነዚያው ሰዎች፣ ደግመው እንደሚሰብሩት እያወቀ። ስለ ራሱም የተናገረው ያን ጊዜ ነው፤ መሐሪ ነኝ፣ ለቁጣ የዘገየሁ ነኝ ብሎ። ጋሽ ቱግ እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ መርፌው አውራ ጣቱን ወጋው። አልተሳደበም። ስልሳ አራት ዓመት የሞላው ሰውዬ መጭመቂያውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሚስቱ ሻይ ይዛ መጥታ አየችው፤ ሻዩን አስቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ ወጣች።

ቅዳሜ እማማ ከዘራቸውን ይዘው ልብስ ሰፊው ቤት ሄዱ። «የለሁም» ሲላቸው «ለኔ የለሁም አይባልም፤ ልጆችህን ሁሉ ያዋለድኩ ሴት ነኝ!» ብለው ክንዱን ይዘው አመጡት። ጋሽ ቱግ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ፣ መጽሐፉን ታቅፎ፣ ቆሞ ነበር። ሰው ተቀምጦ ሳያልቅ ጀመረ፤ ካልጀመረ እንደሚፈራ ያውቃል።

«ጥራዞቹን አበላሽቼ የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «እሱ ያነበበው ልክ ነበር። ስትስቁብኝ ጊዜ የራሴን ጥፋት ለመሸፈን፣ ወንድሜ አምኖ የሰጠኝን ነገር አውጥቼ መሬት ላይ ጣልኩት። ሰበብ የለኝም። ጥፋቱ የኔ ነው።» ይኼው ነው። ከዚህ በኋላ እንዲህ አደርጋለሁ፣ እንዲህ አላደርግም የሚል ቃል አልጨመረም።

ልብስ ሰፊው ፊቱን ድምፁ ወዳለበት አዞረ። «ገጹን አስተካከልከው?»

«አስተካከልኩት።»

«የኔንስ? የኔን እንዴት አድርገህ ፈትተህ ትሰፋዋለህ?»

ልብስ ሰፊው ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ያለው እውነት ነው» አለ። «ዐይኔ ሄዷል። እኔ ዘንድ ጨርቅ ያላችሁ ሰኞ መጥታችሁ ውሰዱ። ሱቁን ዘግቻለሁ።»

«እኔ አልወስድም» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

«ምን?»

«አልወስድም አልኩህ። ዐይንህ መድከሙን ያወቅሁት እኮ አምና ነው! የሰፋህልኝ ቀሚስ አንዱ እጅጌ ከአንዱ በአራት ጣት ይረዝም ነበር። ቤቴ ወስጄ አሳጥሬ ለበስኩት። ከዚያም በኋላ ያመጣሁልህ ሁሉ እንደዚያው ነው።»

ከስድስቱ አንዱ የሆነው ጡረተኛ ሹፌር ጉሮሮውን ጠራረገ። «የኔንም ሱሪ ሚስቴ ነች የምታስተካክለው። እንዳልነግርህ አስምላኛለች።»

«እኔ አንገትጌውን ፈትቼ እንደገና እሰፋዋለሁ» አሉ እማማ። «ምን ችግር አለው? እጄ ሥራ እንዳይፈታ ይጠቅመኛል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ! ሰፈሩ ሁሉ አንድ ዓመት ያወቀውን ነገር ማንም እንዳያውቅ ብሎ የሚጨነቀው እሱ ብቻ ነበር። ልብስ ሰፊው አፉን ከፍቶ ቀረ። «እያወቃችሁ ነው ጨርቅ የምታመጡልኝ?»

«ታዲያ ወዴት እንሂድ?» አሉ እማማ። «ልብስ ሰፊያችን አንተ አይደለህ እንዴ?»

ሰውዬው መሳቅም ማልቀስም አቃተው፤ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረጋቸው። ዐይኑን በመዳፉ ጠረገና፣ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሁሉ፣ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «አንተስ?» አለ ወደ ጋሽ ቱግ። «አምና ላንተም ኮት ሰፍቼልህ ነበር።»

«ለብሼዋለሁ።»

«ና ወደዚህ።»

ጋሽ ቱግ ሄዶ ፊቱ ቆመ። ልብስ ሰፊው ጣቶቹን ኮቱ ላይ አሳለፈ፤ ከትከሻ እስከ ኪስ፣ ከኪስ እስከ ቁልፍ። የግራው ትከሻ ወድቋል። የመጨረሻው ቁልፍ መግቢያ ቀዳዳ የለውም። የቀኙ ጫፍ ከግራው ስንዝር ያህል ዝቅ ብሏል። እንዲህ ያለ ኮት በሕይወቱ ሰፍቶ አያውቅም።

«ማን አስተካከለው?»

«ማንም።»

«አንድ ዓመት ሙሉ? እንደዚህ ሆኖ ለብሰኸው ወጣህ? አንተ! አንድ ቀን እንኳ ምንም አላልከኝም!»

«ምን ልበልህ?» አለ ጋሽ ቱግ። «ይሞቀኛል።»

ልብስ ሰፊው እጁን ከኮቱ አላነሳም። እንደያዘው ግንባሩን ጋሽ ቱግ ደረት ላይ አሳረፈ።

«ሰኞ ጠዋት ይዘኸው ና» አለው በመጨረሻ። «ሱቅ አለሁ።»